ጣፊያ ነው አሉት

ትርፊት መምህር ሰይፈሥላሴን መጀመሪያ ያወቀችው በሱሪው ነው።

ጊዜው ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር። የሆሳዕና ጭቃ ገና አልደረቀም። አባቷ አቶ ገብረወልድ ገበያው ዳር ባለው ሱቃቸው ውስጥ አቡጀዲና ካኪ ይሸጣሉ፤ እሷ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ትሰፋለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኘችም። ቤቱን የያዘችው፣ ታናናሾቿን ያሳደገችው እሷ ናት። ስፌቱንም የለመደችው አባቷ ቀጥረውት የነበረውን ልብስ ሰፊ እጁን እያየች ነው።

አንድ ረጅም፣ ፊቱ የገረጣ ወጣት በጋዜጣ የተጠቀለለ ልብስ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ሱሪውን ወገቡ ላይ ታሰፊልኛለሽ» አላት። «ኮቱን ደግሞ ትከሻው ላይ ታጠብቢልኛለሽ።»

ትርፊት ሳቋ አመለጣት። «ጌታዬ፣ ተገላብጦብዎት እንዳይሆን? ሰው ወይ ይከሳል፣ ወይ ይወፍራል። ከላይ ከስቶ ከታች የሚወፍር ግን አይቼ አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም ነበር» አለ። «ጀማሪ ነኝ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሲስቅ ዓይኑ ከአፉ ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነበር። ተነስታ የመለኪያ ክሯን በወገቡ ዙሪያ አዞረች። በግራ በኩል፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ እጇ ጠንካራ ነገር ነካ። ሥጋ አይመስልም፤ ሸሚዙ ሥር እንጨት የሸሸገ ነው የሚመስለው። ሳቋ ወዲያው ጠፋ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጣፊያ ነው። ጎምቦራ ቆላ ወርጄ ሳስተምር ወባ ይዞኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አበጠ። እዚህ አገር ጣፊያ ያላበጠበት ማን አለ?»

ክሩ ላይ የወገቡን ልክ ቋጠረች፣ የትከሻውን ሌላ ቦታ ቋጠረች፣ ክሩን ከልብሱ ጋር አሰረችው።

«አትጽፊውም?» አላት።

«ምን ያደርግልኛል? ክሬ መቼ ዋሸኝ?»

«ክርሽ አይዋሽም። ግን ከአንቺ ሌላ የሚያነበው የለም። ብትታመሚ ይኼን ሁሉ ሱሪ ማን ይሰፋዋል?» ወደ ቀበሌው አዳራሽ በአገጩ አመለከተ። «ከሰዓት በኋላ እዚያ መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ብትመጪ ወንበር አለ።»

ሰኞ ዕለት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ሄደች።

አዳራሹ ውስጥ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ተሸካሚዎች፣ ጠጅ ሻጮች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ከሁሉም ፊት የሚቀመጠው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጠና ነበር። ጠና የሀቢቾ ገጠር ሰው ነው፤ አማርኛውን የተማረው ሆሳዕና ከገባ በኋላ ስለሆነ ሲናገር ቃሉን ለጥጦ፣ ጣፋጭ አድርጎ ነው።

«ይቺ ልጅ የመጣችው ፊደል ልትቆጥር ነው ወይስ መምህሩን ልትቆጥር?» ይላል ጮክ ብሎ።

«አንተን ልቆጥር ነው፤ ጥርስህ ስንት እንደቀረ» ትለዋለች፤ አዳራሹ በሳቅ ይሞላል።

መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ግን እሱም እየሳቀ መሆኑን ታያለች። እጇን ይዞ አይጽፍላትም፤ የሌሎቹን ይይዛል፣ የእሷን አይይዝም። ትርፊት ይህን ልብ አለች። ሌሎቹን ሳይፈራ እሷን የሚፈራ መሆኑ ደስ አላት።

ግን ሌላም ነገር ልብ ትል ጀመር። የሆሳዕና ብርድ አጥንት ሰርስሮ በሚገባበት ቀን እሱ ግንባሩን በመሐረብ ይጠርጋል። ማስተማር የጀመረው ቆሞ ነበር፤ ኅዳር ላይ ግን ተቀምጦ ሆነ። ዳቦ ጋግራ ብታመጣለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ያስቀምጠዋል።

«ጠገብኩ።»

«ምን በልተው ነው የጠገቡት? ወፍ እንኳ ከዚህ የበለጠ ትለቅማለች።»

«እውነቴን ነው። ቦታ የለም፤ እዚህ ጋ ሞልቷል» ብሎ ግራ ጎኑን ይዞ ያሳያታል።

እናቱ እትዬ አበራሽ ባላቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ከሰሜን ሲመጡ አብረው የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለት ልጆቻቸውን እዚሁ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሴቷ ዱራሜ ተድራለች፤ የቀረላቸው ሰይፈሥላሴ ብቻ ነው። ልጃቸው ሲያስነጥስ ልባቸው ይወድቃል። የወባ ኪኒን አልበጀው ሲል ጣፊያ በጋለ ብረት በመተኮስ የታወቀ ሰው ከሀደሮ አስመጡ። ሰይፈሥላሴ መተኮስ ምንም እንደማይጠቅመው ያውቃል። ግን እናቱ ሲያለቅሱ ማየት አይችልም፤ ሸሚዙን ገልጦ ተኛላቸው። ብረቱ ግራ ጎኑ ላይ ሦስት ቦታ አረፈ።

ቁስሉ አልደርቅ አለ። ቀን ሙሉ ደም ያዣል። መምህሩ ሲቀር ተማሪዎቹ ተሰባስበው ሊጠይቁት ሄዱ፤ ትርፊትም ከኋላ ተከተለች። ሌሎቹ እግዜር ይማርህ ብለው ሲወጡ እሷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«መምህር፣ ነገ ሐኪም ቤት ይሄዳሉ።»

«ጥያቄ ነው ትእዛዝ?»

«ትእዛዝ ነው። ላቦራቶሪ የምትሠራው ፋንታዬ ጎረቤቴ ናት፤ ከጠዋቱ ትጠብቅዎታለች። ካልሄዱ እኔ ተመልሼ አዳራሽ አልገባም።»

ሄደ።

ፋንታዬ የወባ ተሕዋስ ለመፈለግ ነበር ደሙን መስታወት ላይ ያደረገችው። በማይክሮስኮፑ ስታይ ግን ወባ አላገኘችም። ያየችው ነጫጭ የደም ሴሎችን ነው፤ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ እዚህም እዚያም አልፎ አልፎ የሚታዩት ነጮች በእሱ ደም ውስጥ እንደ ገበያ ቀን ሰው ተጨናንቀዋል። መስታወቱ ቆሽሾ ይሆናል ብላ ሌላ ደም ቀዳች። ያው ነው። ሐኪሙን ጠራችው። ሐኪሙም ቁስሉን አይቶ፣ መመርቀዙ ነው ነጩን ያበዛው ብሎ መርፌ አዘዘ። ቁስሉ በመርፌው ደረቀ፤ ነጩ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አላለም። ያኔ ሐኪሙ ሰይፈሥላሴን ወደ አዲስ አበባ ላከው።

አጎቱ ጋሽ ወንዳፈረው አብረውት በአውቶቡስ ሄዱ። እዚያ ከዳሌው አጥንት በመርፌ መቅኒ ቀዱለት። ሲመለስ ኪኒን ይዞ ነበር።

«ጣፊያ ነው አሉ» አላት በረንዳው ላይ ቆሞ። «ለጋሼ ነው ሐኪሙ ያስረዳቸው። ክፉ ዓይነት ጣፊያ ነው፣ መድኃኒት ግን አለው ብሏቸዋል።»

መድኃኒቱስ ሠራ። ከሳምንት ሳምንት ፊቱ እየመለሰ፣ ላቡ እየተወው፣ ጎኑ እየሟሸሸ ሄደ። ትርፊት ያመጣችውን ዳቦ ጨርሶ ፍርፋሪውን ከመሐረቡ ላይ ሲለቅም ባየችው ቀን ፊቷን አዙራ እንባዋን ጠረገች። በመጋቢት ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ።

«አሁን ደግሞ ምን ላድርግልዎ?»

«አጥብቢልኝ።»

ክሯን ስታዞር እጁ እጇ ላይ አረፈ። አልገፋም፣ አልጨበጠም፤ አረፈ ብቻ። ከውስጥ አባቷ ለአንዲት ሴት ጨርቅ ሲቀዱ ድምፁ ይሰማል። ሁለቱም ጨርቁ ተቀዶ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሱም።

«ትርፊት።»

«አቤት።»

«አሁን እንኳ አንተ በይኝ።»

«አንተ» አለችው። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ ወንዳፈረው ከሌሎች ሁለት አዛውንቶች ጋር መጥተው አቶ ገብረወልድ ፊት ቆሙ። አቶ ገብረወልድ የቆጡን የባጡን ካወሩ በኋላ፣ «ልጁ ታሞ ነበር ሲባል እሰማለሁ» አሉ።

«ጣፊያ ነበር፤ ድኗል» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው። «ይኸው እኔ በሽምግልናዬ ቆሜ እናገራለሁ።»

አቶ ገብረወልድ ሽማግሌ የተናገረውን የሚጠራጠሩ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ሰጡ። ሠርጉ ለግንቦት መጨረሻ ተቆረጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት እትዬ አበራሽ ለሠርጉ የሚለብሱትን ቀሚስ ሊለኩ መጡ። አቶ ገብረወልድ ገበያ ወጥተዋል። ትርፊት ሱቁ ውስጥ ከጀርባቸው ቆማ ትከሻቸውን ስትለካ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ፣ በረደዎት?»

«ያንን በር መለስ አድርጊው፣ ልጄ።» መሬቱ ላይ ተቀመጡ። «እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ይህ ነገር በእሷ ላይ ቢሠራ የሠራውን ሰው ስረግም ነበር የምኖረው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ።»

«ምን ነገር?»

«ልጄ የታመመው ጣፊያ አይደለም። የደም ነቀርሳ ነው።»

ትርፊት ነቀርሳ ሲባል ሰምታለች፤ ጡት ላይ፣ ማሕፀን ላይ። «ደም ላይም ይወጣል እንዴ?» አለች።

«አዲስ አበባ ሐኪሙ ወንድሜን ለብቻው ጠርቶ ነው የነገረው። መቅኒው ነጩን ደም ያለ ልክ እያመረተ ይለቃል፤ ጣፊያው የሚያብጠውም ያ ሁሉ እዚያ ስለሚከማች ነው አለው። ስንት ሺህ ሰው መርምሮ አንድ ሰው ላይ ቢያገኘው ነው። የኔው ላይ ጣለው። ኪኒኑ ያስታግሠዋል እንጂ አይነቅለውም። ደሙ በየወሩ ይቆጠር፤ ነጩ ሲወርድ ኪኒኑን ያቁም፣ ሲወጣ ይጀምር ብሎታል። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት። ከዚያ በላይ የኖረም አለ ብሏል።»

«እሱስ ያውቃል?»

«ማን ነግሮት? ሰው ይህን ሰምቶ ምግብ ይበላል? ዳግመኛ ይስቃል?» ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱት። «ፍሬ ትቶልኝ ይሂድ ብዬ ነው ሠርጉን ያጣደፍኩት። ለራሴ ብዬ ነው። አንቺን ግን ማታለል አቃተኝ። ብትተዪው አልቀየምሽም፤ ምክንያቱን ሌላ አድርጊው ብቻ። እንዳትነግሪው በማርያም ማይልኝ።»

እግሯን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ትርፊት ይዛ አነሳቻቸው። የእናት ግንባር እግሯ ላይ ሲወድቅ ከማየት መማል ቀለላት። ማለች።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የምትረግጠው በልማድ ነው። ልተወው ብላ አሰበች፤ ሐሳቡን ሳትጨርሰው ተወችው። ሦስትም ይሁን አራት፣ ዓመቶቹን ከሌላ ሰው ጋር ልታሳልፋቸው አልፈለገችም። የከበዳት ሌላ ነገር ነው። አብራው ልትበላ፣ አብራው ልትተኛ፣ የገዛ ገላውን ነገር ከእሱ ደብቃ ልትኖር ነው። ባሏ በማያውቀው ቤት ውስጥ እንደምትኖር ሆኖ ተሰማት።

ከትምህርት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሠርጉን ሱፍ ስትለካው ወገቡ ላይ ጠበበ።

«ሠርግ ሲደርስ ሙሽራ ይወፍራል» አለ እየሳቀ።

እጇን ግራ ጎኑ ላይ አደረገች። ያ እንጨት የመሰለ ነገር ተመልሷል። «ኪኒኑን ትውጣለህ?»

«እውጣለሁ።»

«በየቀኑ?»

ትንሽ ዘገየ። «ሲደርሰኝ... እውጣለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ፋንታዬ ጋ ሄደህ ደምህ ተቆጠረ?»

«የልጆቹ ፈተና ላይ ነኝ፣ ትርፊት። የዳነ ሰው ምን ብሎ ደሙን ይሰጣል?»

ክሯን በጠበበው ወገብ ላይ አዙራ ልኩን ቋጠረች።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ጠና በጨርቅ አፍንጫውን ይዞ ተቀምጧል። ጨርቁ ደም ጠግቧል።

«ማን መታህ?» አሉት ተማሪዎቹ። «ሚስትህ ናት አይደል?»

«ሚስቴ ብትሆን ጆሮዬን ነበር የምትመታው» አለ ጠና፤ ሳቁ ግን አቅም አልነበረውም። «ከትናንት ጀምሮ ይፈስሳል። ድዴም ይደማል። ሳይመታኝ ክንዴ ይጠቁራል፣ እዩት።»

ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታ። ትንሽ ነጭ ኪኒን ናት። ትርፊት ኪኒኗን የሰይፈሥላሴን ኮት ልትሰፋ ስትል ከኪሱ እያወጣች ትመልስ ስለነበር ታውቃታለች።

«ይህን ማን ሰጠህ?»

«መምህር ነዋ! የሱም ጣፊያ፣ የኔም ጣፊያ። እኔ ቆላ ስወርድ ስወጣ ያበጠብኝ ነው። እኩል እንካፈል አለኝ፤ አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን እኔ። እንደሱ ያለ ሰው የት አለ?»

ሰይፈሥላሴ ጠመኔውን ይዞ አፍሮ ቆሟል፤ መልካም ሥራው ሲነገርበት የሚያፍር ሰው ነው። ትርፊት ከወንበሯ ተነሳች።

«መምህር፣ ክፍሉን ይልቀቁት። ጠናን ሐኪም ቤት እንውሰደው። አሁኑኑ።»

ድምፅዋን ሰምቶ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ግራና ቀኝ ደግፈውት ወጡ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከጥዱ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ብዙ ቆይታ ፋንታዬ ወጣች። ትርፊትን አየች፣ ሰይፈሥላሴን አየች። «አስተኝተነዋል» አለች። «ኪኒኑ ነው ደሙን ያሟጠጠው። ጥቂት ቀን ቢቆይ ኖሮ አናተርፈውም ነበር። አሁን ካቆመ ደሙ ይመለሳል፤ ደም የሚሰጡ ወንድሞቹን ጥሩ።» ተመልሳ ገባች።

ሰይፈሥላሴ እጆቹን ተመለከተ። «ሰው ልገድል ነበር» አለ። ከዚያ ቀና አለ። «አልገባኝም። ለእኔ የሠራ መድኃኒት ለእሱ እንዴት መርዝ ይሆናል? ጣፊያ ጣፊያ ነው።»

ትርፊት ማርያምን አሰበች። እትዬ አበራሽ መሬቱ ላይ የተቀመጡትን አሰበች። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ደሙ አልቆ ተኝቷል፤ የሌላው ደም ደግሞ እያየችው እየሞላ ነው። ሁለቱንም እዚህ ያደረሳቸው ያው አንዱ ዝምታ ነው።

«ያንተ ጣፊያ አይደለም» አለችው።

ዓይኗን ሳትሰብር ሁሉንም ነገረችው። መቅኒውን፣ ነጩን ደም፣ ኪኒኑ የሚያደርገውንና የማያደርገውን፣ ዓመቶቹን። 

«እናቴ ታውቃለች?»

«ያውቃሉ።»

«ጋሼም።»

«አዎ።»

«አንቺስ?»

«የቀሚሳቸውን ልክ ስወስድ ነገሩኝ።»

«እንግዲህ የኔን ደም የማያውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ» አለ። «አስተማሪ ነኝ እላለሁ ደግሞ።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ትርፊት እጁን ልትይዝ ስትል ተነስቶ ቆመ። «አባትሽ ሱቅ አሉ?»

«ምን ልታደርግ?»

እየሄደ ነበር። በዚያ አገር ሙሽራ ከሠርጉ በፊት የአማቱን ደጅ አይረግጥም፤ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ሰይፈሥላሴ ግን ገበያተኛ በሞላበት ቀጥ ብሎ ሱቁ ውስጥ ገባ። ትርፊት ከኋላው ስትደርስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አባቷ ፊት ቆሞ ነበር።

«አቶ ገብረወልድ፣ ሽማግሌዎቼ የነገሩዎት እውነት አይደለም። በሽታዬ የደም ነቀርሳ ነው። አይድንም። እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት። በውሸት የተቀበልኩትን ቃልዎን መልሼልዎታለሁ።»

አቶ ገብረወልድ መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጡ። «ማን ነገረህ?»

«ልጅዎ።»

«እሺ። ቤትህ ግባ፣ ልጄ» አሉት። ገበያተኞቹንም በእጃቸው ምልክት አስወጡ። ከዚያ ወደ ትርፊት ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እያወቅሽ ቬሎሽን ትሰፊ ነበር?»

«እሰፋ ነበር።»

«መበለት ለመሆን የምታገባ ሴት አለች?»

«አባዬ፣ እማዬን ሲያገቡ ስንት ዓመት እንደምትኖርልዎት ተነግሮዎት ነበር?»

አቶ ገብረወልድ ልጃቸውን አዩዋት። የሚስታቸው ስም በዚያ ሱቅ ውስጥ ከተነሳ ዓመታት አልፈዋል። «አልተነገረኝም» አሉ።

«ቢነገርዎት ኖሮስ?»

ወደ መደርደሪያው ዞረው፣ የተጣጠፈውን ጨርቅ ፈተው እንደገና ማጠፍ ጀመሩ። ጀርባቸውን እንደሰጧት ተናገሩ። «ሽማግሌዎቹ እንደገና ይምጡ። አሁን እውነቱን ይዘው ይምጡ። በውሸት ለጠየቀኝ ሰው ልጅ አልሰጥም፤ በእውነት ከጠየቁኝ ግን መልሱን አንቺው ትሰጫለሽ።» ጨርቁን አስቀመጡ። «ያ ወንዳፈረው ደግሞ ከኋላ ይቀመጥ።»

ትርፊት እነ ሰይፈሥላሴ ቤት ስትደርስ እናትና ልጅ ተፋጠው ተቀምጠዋል። እትዬ አበራሽ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ።

«ማልሽልኝ አልነበር?»

«ማልኩ፣ እትዬ። ለንስሐ አባቴ እናገራለሁ። ቅጣቴን እቀበላለሁ።»

«እማዬ» አለ ሰይፈሥላሴ፤ «እሷ ባትነግረኝ ጠና ሞቶ ነበር። እኔም መድኃኒቴን ለጎረቤት እያደልኩ ከኋላው እሄድ ነበር።»

ልጃቸው ከአዲስ አበባ ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ እሱ ባለበት ፈገግ ይል የኖረው የእትዬ አበራሽ ፊት ቀስ በቀስ ተፈታ። «እንግዲያ» አሉ እንደ ልጅ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ፊትህ ማልቀስ እችላለሁ ማለት ነው?»

«አልቅሺ፣ እማዬ።»

አለቀሱ። ልጃቸው ራሳቸውን ደረቱ ላይ አስደገፈ። ቆይተው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሁለቱን ብቻቸውን ሊተዉ ወደ ጓዳ ገቡ።

«ለምን ታገቢኛለሽ?» አላት። «አዝነሽልኝ ከሆነ አልፈልግም።»

«ካንተ ጋር ስጣላ የሚያዝንልህ ያስፈልግሃል፤ አሁን አላዘንኩም» አለችው። «ከጠና ጋር ተካፈልክ አይደል? ከእኔ ጋር ብትካፈልስ?»

«ኪኒኑን?»

«በሽታውን።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እሷም እጁን ያዘች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ እጇን ለመያዝ ፈርቶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹ እውነቱን ይዘው ተመለሱ፤ ሠርጉም ለኅዳር ተዛውሮ በትንሽ ድንኳን ተደረገ። ድኖ የወጣው ጠና፣ «የመምህሩን መድኃኒት በልቼ የመምህሩን ድግስ ልበላ መጣሁ» እያለ ከሁሉም በላይ ጨፈረ። ከዚያ በኋላ ሰይፈሥላሴ በየወሩ ፋንታዬ ጋ ደሙን ይሰጣል፤ ቁጥሩን ሁለቱም አብረው ይሰማሉ። ነጩ ሲወርድ ኪኒኑን ያቆማል፣ ሲወጣ ይጀምራል። የወረደ ዕለት ሥጋ ገዝተው ይገባሉ፤ የወጣ ዕለት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱ ልጅ ሊከለክል እንደሚችል ፊት ለፊት ነግሯቸው ነበር፤ እንዳለውም ልጅ አልወለዱም። እትዬ አበራሽ ስለ ፍሬ አንድም ቀን አላነሱባትም። ትርፊትን ልጄ የሚሉት ግን ለአፍ ማሳመሪያ ያህል አልነበረም።

ሰማንያ አንድ ላይ ነጩ ደም ኪኒኑን እምቢ አለ። ሦስቱም አዲስ አበባ ሄዱ፤ ሰይፈሥላሴ ሆስፒታል ተኛ። አንድ ጠዋት ወጣት ሐኪም ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመ። በሽተኛውን ሳይሆን ትርፊትን ተመለከተ።

«የበሽተኛው ባለቤት፣ አንዴ ውጭ ላነጋግርዎት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ትርፊት አልተነሳችም። ሰይፈሥላሴ እግሩን ሰብስቦ አልጋው ላይ ቦታ ለቀቀ። እትዬ አበራሽ ከራስጌ በኩል ወንበር አንስተው አቀበሉ።

«እዚሁ ይቀመጡ፣ ዶክተር» አለችው። «እኛ ቤት ውጭ ወጥቶ የሚነገር ነገር የለም።»

ሐኪሙ አንድ በአንድ አያቸው። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት የማያውቅ ይመስል ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠግቶ ተቀመጠ።

ሰይፈሥላሴ የሚስቱን እጅ ያዘ። «ይንገሩን» አለ። «እየሰማን ነው።»